አለሁ

ከሌሊቱ አስር ሰዓት፥ መብራት ሳይመለስ፥
ኢሶኬን ተነሳች፥ ነጭ ቀሚስ ልትለብስ።
«ዛሬ ሞቼ ልምጣ» አለችኝ በሹክሹክታ፤
«አምስት ሺህ ናይራ ነው፥ ላንድ ቀን ጋደምታ።»
እኔ በግማሽ እንቅልፍ፥ ከላይኛው አልጋ፥
«ኬሚስትሪስ?» አልኋት፤ «ስም ይጠራል'ኮ፥ ገና እንደነጋ!»

ከንፈሯን ቀባችው፤ መልሳ ጠረገች፤
ሬሳ እንደማይኳል ዘግይታ አስታወሰች።
«ኦኖሜ፥ አንቺ አለሽልኝ አይደል?»
በሩ ተዘጋ። መልሴን አልጠበቀችም።

አሳባ ላይ ፊልም፥ እንደ ካሳቫ፥ በየጓሮው ይበቅላል፤
ዛሬ ቤተ መንግሥት የነበረው ሆቴል፥ ነገ ሆስፒታል ይሆናል፤
ጄኔሬተር ካጓራ፥ ፍቅር መግለጽ ይቆማል፤
«ነዳጅ!» የሚል ጎረምሳ፥ ንጉሡን ገፍቶ ያልፋል።

አባቷ ቤኒን ላይ፥ ጎማ ቸርቻሪ ነው፤ የትምህርቷን ክፍያ
ከጎማው ቆርሶ ይልካል፤
«ፋርማሲስት አለችኝ» ይላል በየገበያ።
ስለ ሳጥኑ አልሰማም። ስለ ትሪውም አልሰማም።

ትሪው የመጀመሪያዋ ነው፤ ይዞ በበር ማለፍ፤
ሁለተኛው ጩኸት ነበር፥ መቶ ሰው ባለበት ሰልፍ፤
ሦስተኛው ላይ ጀርባዋ፥ ሦስት ሰከንድ ታየ፤
ባንዲት ስልክ መስታወት፥ አስራ ሁለት ሴቶች ያችን ጀርባ አይተን፥
ዶርሙ በእልልታ ጋየ።
አሁን ግን ሚናዋ ፊት አለው፤
ሳጥን ውስጥም ቢሆን፥ ፊት ፊት ነው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን፥ ዶክተር ንዋንዜ መነጽሩን ወለወለ።
ሦስት ቀን የቀረ ፈተና አይቀመጥም፤ ኢሶኬን ሁለቱን ጨርሳለች።
እኔ ከኋላ ወንበር፥ ጎንበስ ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ፥
ያንን ቀጭን ድምጿን፥ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቀውን፥ ከራሴ ውስጥ ፈልጌ፥

«ኢሶኬን ኦሳሬቲን!»
ልቤ ዘለለ።
«አለሁ!» አልኩ በሷ ድምፅ።
ክፍሉ ዝም አለ።
ዶክተሩ ቀና አለ።
ምልክት አደረገ፤ ቀጠለ።

በዚያች ደቂቃ፥ ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ፥
ያለሁት ኢሶኬን፥ አፍንጫዋ በጥጥ ተወትፎ፥ እጇ ደረቷ ላይ ተጣብቆ፥
የማታውቃት «እናቷ»፥ ደረት እየደቃች፥
የውነት እንባ ጉንጯ ላይ፥ ጠብ እያደረገች፥
«ተነሺ ልጄ!» ስትላት፥
ለመነሳት ምንም አልቀራት።

ማታ መጣች፤ የሬሳው ዱቄት ካንገቷ ሳይለቅ፥
የተጠበሰ ሙዝ በጋዜጣ ጠቅልላ፥ ስታወራኝ በሳቅ ስትወድቅ፦
«አምስት ሺው ሦስት ሆነ፤ ሁለቱ ለቀሚሱ እጥበት ነው አሉ።
ዝንቡ ደግሞ ቅንድቤ ላይ! እንዳልስቅ፥ እንዳላነጥስ፥
ሃይድሮጅን፥ ሂሊየም እያልኩ፥ በሆዴ ቆጠርኩ ኒዮን እስክደርስ፤
ሰልፈር ላይ 'ካት!' ባይሉ፥
እውነተኛ ሬሳ ያገኙ ነበር በነጻ።»

ከዚያ ሙዙን አስቀመጠች።
«አንቺስ እንዴት አልሽው? እስቲ አሳዪኝ» አለች።
ተነስቼ ቆምኩ፤ አልኩላት፦ «አለሁ!»
ራሷን ዘንበል አድርጋ፥ እንደ ዳይሬክተር አየችኝ፤
ዱቄቱ እንደነበረ፥ «ትንሽ ፈጥነሻል» አለችኝ፤
«እኔ ስሜ ሲጠራ፥ መጀመሪያ እተነፍሳለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ቀድማኝ፥ ከጎኔ ተቀመጠች፤
ፀጉሯን አስራ፥ እስክሪብቶዋን ስላ፥ እንደ ደህና ተማሪ።
«ኢሶኬን ኦሳሬቲን!»

እሷም «አለሁ» አለች። እኔም «አለሁ» አልኩ፤
ልማድ ነው፤ መጀመሪያ ተንፍሼ፥ እንዳስተማረችኝ።

ሁለት ድምፅ፥ አንድ ድምፅ።
ዶክተሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።
መነጽሩን አወለቀ።
መቶ ሰማንያ ተማሪ ዞሮ ተመለከተን።

ከጎኔ ኢሶኬን፥ ዐይኗን ከድና፥ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፥
ሃይድሮጅን ስትል ሰማኋት፤
ሂሊየም፤
ሊቲየም...